«ጉድባይ»፦ እግዜር የተሰወረበት ስንብት

እናቴ ስልክ መዝጋት አይሆንላትም። መዝጊያው ጠፍቷት አይደለም፤ ምርቃቷ ስለማያልቅ ነው። በቀደም እሁድ አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ደወለላት። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት። ወሬው ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያ ልጁ «ባይ፣ እማማ» አለ። እሷ ገና መጀመሯ ነበር፦ «እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን፣ እመቤቴ በሄድክበት ትከተልህ፣ እደግ፣ ተመንደግ...»

«ባይ!»

«...ከክፉ ዓይን ይሰውርህ፣ ለወግ ለማዕረግ ያብቃህ...»

«ባይ ባይ!» ተዘጋ።

«ምን ብሎኝ ነው የዘጋው?» አለች።

«ባይ ነዋ። ሙሉው ጉድባይ ነው፤ ደህና ሁኚ ማለቱ ነው።»

«ጉድ ባይስ እኔ ነኝ! የእግዜርን ስም እንኳ ሳይጠራ?»

ጠርቷል ብላት አታምነኝም። ግን ጠርቷል። ቢያንስ ቃሉ ጠርቷል።

«ጉድባይ» ድሮ አንድ ቃል አልነበረም። «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ» የሚል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር። ትርጉሙም እናቴ ስልኩ ላይ ያለችው ራሱ ነው፦ እግዚአብሔር ካንተ ጋር ይሁን። መጨረሻ ላይ ያለችው «ዪ» የጥንት እንግሊዝኛ ተናጋሪ ለብዙ ሰው ወይም ለሚያከብረው ሰው የሚላት ነበረች፤ እንደኛ «እናንተ» ወይም «እርስዎ»።

በሩ ላይ ቆሞ የሚባል ነገር ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። እግር ሊሄድ ተነስቷል፣ አፍም ይቸኩላል። «ቢ ዊዝ ዪ» ተጨፍልቃ «ብዋይ» ሆነች። በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ የነበሩ እንግሊዞች እንዴት እንደሚጽፏት እንኳ አልተስማሙም፤ አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ይጽፋታል። በ1570ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጋብርኤል ሃርቪ የተባለ የካምብሪጅ ምሁር በአንድ ደብዳቤው ላይ ይቀልድባታል። ለላክህልኝ አንድ ጋሎን «ጎድብዋይ» ግማሽ ጋሎን «ሃውዳይ» መልሼልሃለሁ ይላል። «ሃውዳይ» «እንደምን ነህ» ከሚለው የእንግሊዝኛ አባባል የተቆረጠች ናት። ስንብት በጋሎን የሚሰፈር ከሆነ የእናቴ በበርሜል ነው።

በዚያ ጽሑፍ ላይ «ጎድ» ገና አለ። «ጉድ» የሆነው ቆይቶ ነው። ምክንያቱ ጎረቤት ነው ማለት ይቻላል። እንግሊዞች «ጉድ ሞርኒንግ»፣ «ጉድ ናይት» ሲሉ ይውላሉ። ይቺም አንዷ ሰላምታ ስለሆነች እንደ እህቶቿ «ጉድ» ብለው ጠሯት። እግዜር በመልካም ተተካ። አንዳንዱ «ጎድ» እና «ጉድ» ከአንድ ሥር የወጡ ይመስለዋል። ደስ ይላል ግን አይደሉም፤ ድምፃቸው ነው የተቀራረበው። «ባይ» ብቻ ስንል ደግሞ ያ «ጉድ» ራሱ ይቀራል። በእጃችን የምትተርፈው «ካንተ ጋር ይሁን» ናት። ማን? አይታወቅም።

ሐረጉ ራሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም። መጽሐፈ ሩት ምዕራፍ 2 ላይ ቦዔዝ ከቤተ ልሔም መጥቶ አጫጆቹን «እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን» ይላቸዋል። እነሱም «እግዚአብሔር ይባርክህ» ብለው ይመልሱለታል። ቅዳሴ ላይም ካህኑ «እግዚአብሔር ምስለ ኵልክሙ» ሲል ሕዝቡ «ምስለ መንፈስከ» ይላል። ልብ በሉ፣ ቦዔዝ ሲመጣ ነው ያለው። እንግሊዞች ሲለያዩ አሉት። ፈረንሳዮችም ስንብታቸው «አድዩ» ነው፣ እስፓኞችም «አዲዮስ»፤ ሁለቱም «ለእግዚአብሔር» ማለት ናቸው። አደራ ሰጥቶ መሄድ ነው ነገሩ።

እኛስ አልቆረጥንም? በደንብ ነው የቆረጥነው። «እግዚአብሔር» ራሱ «እግዚአ ብሔር»፣ የአገር ጌታ ከሚለው ግዕዝ የመጣ ሆኖ ሳለ አፋችን ላይ «እግዜር» ሆኗል። «ጤና ይስጥልኝ» ስንልስ፣ የሚሰጠው ማነው? ሰው ሲያነጥስ «ይማርህ» እንላለን፤ እሱም «ያኑርህ» ይላል። የሚምረውም የሚያኖረውም ስሙ አልተነሳም። እዚህ ላይ ነው አማርኛ የሚለየው፤ ስሙን ብንጥለውም ግሡ መነሻ ላይ ያለችው ፊደል ትይዘዋለች። «ይማርህ» ያለ ሰው ማን እንዲምር እንደፈለገ መጠየቅ አያስፈልገውም። «ባይ» ላይ ግን እንዲህ ያለ መያዣ የለም። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ቀኑን ሙሉ ሲመርቅ ይውላል፣ መመረቁን ግን አያውቅም። ሃይማኖት የለኝም የሚለውም ጭምር።

ዛሬ ሁለቱ ቃላት ሥራ ተከፋፍለዋል። «ባይ» የዕለት ነው፤ ነገ ለሚያገኙት ሰው ነው። ሙሉው «ጉድባይ» ከበድ ይላል፤ በር እንደሚዘጋ ነገር አለበት። ጠፍቶ ለቀረ ነገርም ይሆናል። ለአጭበርባሪ ብር ያበደረን ሰው «ለብርህ ጉድባይ በለው» ይሉታል። በኛ ቋንቋ «እርምህን አውጣ» ነው።

«ቻው»ንም ሳላነሳ ባልፍ ደስ አይለኝም። ይቺ ጣሊያናዊት እንግዳ ቤተኛ ሆናለች። አንድ ስልክ ለመዝጋት «በቃ እሺ ቻው፣ ቻው ቻው ቻው» አራት ጊዜ እንላታለን። ጣሊያኖች ሲገናኙም ይሏታል፤ እኛ ለስንብት ብቻ አስቀረናት። መነሻዋ የቬኒስ ሰዎች «ባሪያህ ነኝ» ሲሉ የነበረው ትሕትና ነው፤ የኛ ሰው «አሽከርዎ ነኝ» እንደሚለው። እንግዲህ አስቡት፣ ታክሲ ውስጥ ያለው ጎረምሳ በየቀኑ ለጓደኞቹ ባርነቱን ሲያውጅ ይውላል። ያም ሆኖ ለትልቅ ሰው «ቻው» ማለት አሁንም ይከብዳል። «ደህና ይዋሉ፣ እማማ» ነው የሚያምረው።

ይህን ሁሉ ለእናቴ ነገርኳት። ባርነቱን ከቁብ አልቆጠረችውም። «ባይ» ላይ ግን ቆየች። «እና ልጄ እግዚአብሔር ካንቺ ጋር ይሁን እያለኝ ነበር?»

«አዎ፤ ሳያውቀው።»

«ሳያውቀውም ቢሆን» አለች።

በሚቀጥለው እሁድ ልጁ ደወለ። ትምህርት፣ ብርድ፣ ኳስ አወሩ። ከዚያ እንደ ልማዱ «ባይ፣ እማማ!» አለ።

እናቴ ሁለቱንም እጇን ዘርግታ «አሜን» አለች።