የግሪክ መርከብ የላይቤሪያ ባንዲራ ለምን ይሰቅላል?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ላስረዳ። የመርከብ ባለቤትነትና ዜግነት ለየቅል ናቸው። በ1982ቱ የተባበሩት መንግሥታት የባሕር ሕግ ስምምነት ዜግነቱን የሚወስነው የሚያውለበልበው ባንዲራ ነው፤ የባለቤቱ ፓስፖርት አይታይም።

በግሪክ የወደብ ከተማ ፒሬየስ ቢሮ ያለው ግሪካዊ መርከቡን ላይቤሪያ አስመዝግቦ፣ ፊሊፒናውያን መርከበኞች ቀጥሮ፣ ስንዴ ወደ ጅቡቲ ላከ እንበል። ትርፉ የግሪካዊው ነው። ከአገሮች ክልል ውጭ ባለው ባሕር ላይ ግን መርከቡ የሚተዳደረው በላይቤሪያ ሕግ ነው። ወደብ ሲደርስ የጅቡቲ ባለሥልጣናትም ሊፈትሹት ይችላሉ፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል።

የመርከቡን ዜግነት ባንዲራው ይወስናል የሚለው ደንብ ቋሚ ነው። የምዝገባ ክፍያ፣ ግብርና የመርከበኞች ዜግነት ግዴታ ግን እንደየአገሩ ይለያያል። ግሪኮች ከዓለም የንግድ መርከቦች የመጫን አቅም አንድ ስድስተኛ ገደማ ይዘው ሳለ የግሪክ ባንዲራ ብዙ የማይታየውም ለዚህ ነው፤ አብዛኞቹ ላይቤሪያን፣ ማርሻል ደሴቶችንና ማልታን መርጠዋል።