ለወጣት ኃላፊነት መስጠት ምንድን ነው? (ማድከም ማለት አይደለም)

ሰሞኑን "ለወጣቶቻችን ኃላፊነት እንስጣቸው" ብሎ የሚጀምር ጽሑፍ አነበብኩ። እሰየው አልኩ። ዝቅ ስል ዝርዝሩ መጣ። በጠዋት ይነሱ። ይጥረጉ። ይሸከሙ። ይላላኩ። በየሳምንቱ ዘመቻ ይውጡ። ለምን ቢባል፣ ድካም ሰውን ስለሚቀርጽ።

ይህን ነገር በስብሰባ፣ በስልጠና፣ በወላጆች ጨዋታ መሀል ስንት ጊዜ ሰምቼ ዝም እንዳልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አሁንስ በቃኝ። ሙያዬ የወጣቶች እድገት ነው። ልጆች ሥራና የማኅበረሰብ አገልግሎት ላይ ሲሰማሩ ምን እንደሚያተርፉ፣ ምን እንደሚከስሩ መከታተል ነው እንጀራዬ። ሥራ ይጠቅማል ወይ በሚለው ላይ ጭቅጭቅ የለኝም። ይጠቅማል። የምከራከረው የሚጠቅመው ምኑ እንደሆነ ነው።

ኃላፊነት አለብህ የሚባለው አንድ እውነተኛ ነገር አንተን ተማምኖ ሲቆም ነው። ካልሠራኸው የሚጎድልበት ሰው አለ። እንዴት እንደምትሠራው በመወሰን በኩል የራስህ ድርሻ አለህ። ሲሳካም ሲበላሽም ያንተ ነው ይባላል። ይህ ሁሉ ከሌለ የቀረው ትእዛዝ ነው። "ታዲያ ልጅ አይታዘዝ?" የሚለኝ አይጠፋም። ይታዘዝ፣ ማን ከለከለ! ትእዛዝን ግን በኃላፊነት ስም አትሽጡልን።

ሁለት ወጣቶችን እንይ። አንዱ ሁለት መቶ ሰው በወጣበት የጽዳት ዘመቻ ላይ ነው። ለአምስት ሰው አንድ መጥረጊያ ደርሷል። ንግግር ተደረገ፣ ካናቴራ ታደለ፣ ፎቶ ተነሱ። ልጁ በመሀል ሹልክ ብሎ ቢሄድ ያየው የለም። መንገዱም ከመጽዳት አይቀርም። ሌላዋ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት። በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ ማንበብ ከከበደው የሰባት ዓመት ልጅ ጋር ትቀመጣለች። የሚያነቡትን መጽሐፍ የምትመርጠው እሷ ናት። ትንሹ ፊደል ሲገድፍ ቶሎ ማረም ይሻላል ወይስ ትንሽ መጠበቅ፣ እሱንም ራሷ ትወስናለች። አንድ ቀን ብትቀር ልጁ መጽሐፉን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በር በሩን ያያል። በሚቀጥለው ሳምንት "ለምን ቀረሽ?" ይላታል። ይቺ ጥያቄ ናት ኃላፊነት። ላብ ጠብ አላደረገችም እኮ።

ዘመቻ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። መንገዱ ይጸዳል፣ ጓደኛ ይገኛል፣ ደስ ይላል። ልጁ ኃላፊነት ተማረ ለማለት ግን ሌላ ነገር ይጠይቃል። እኔ መርሐ ግብር ስገመግም መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ይህ ልጅ ነገ ቢቀር ማን ያውቃል? መልሱ "መዝገብ ያዡ" ከሆነ ወረቀቴን እዘጋለሁ።

በግንባታ ምሳሌ ላስረዳ። ሕንፃ ላይ የምናያቸው ምሰሶዎች ሁሉ አንድ አይደሉም። አንዳንዱ ለጌጥ የቆመ ነው። ቢነሳ ቤቱ አይነቃነቅም። ሌላው ላይ ፎቁ አርፏል። ወጣቶችን ስናሳትፍ ብዙ ጊዜ የምናቆማቸው እንደ ጌጥ ምሰሶ ነው፤ ከዚያ "ተሸከሙ" ብለን እናጨበጭባለን። የተገላቢጦሹም አለ። አርማታ እንደተሞላ አይጫንበትም። ዙሪያውን ይታሰራል፣ ከጎን ድጋፍ ይቆምለታል፣ ውሃ ይጠጣል። መሐንዲሶች ጥንካሬውን የሚለኩት ብዙውን ጊዜ በ28ኛው ቀን ነው። በሦስተኛው ቀን ድጋፉን ነቅለው ፎቅ ከጫኑበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ድጋፉን ጨርሶ ካልነቀሉለት ደግሞ ምሰሶው ይቁም አይቁም የሚያውቅ የለም። አንዳንድ ወላጅ ድጋፉን ነቅሎ ይሄዳል። አንዳንዱ ልጁ ሠላሳ ዓመት እስኪሞላው ይዞለት ይቆማል።

ምሳሌዬ እስከዚህ ድረስ ነው የሚሠራው። አርማታ የሚጠነክረው በውሃና በጊዜ ነው፤ ባይጫንበትም ይጠነክራል። ሰው ግን የሚጠነክረው በጭነቱ ነው። ስለዚህ ለወጣት "ጠንክር፣ ከዚያ እንጭንብሃለን" ማለት አያስኬድም። ጭነቱም ድጋፉም አብረው ይጀምራሉ፤ ድጋፉ በየጊዜው ይቀነሳል። የግንባታ ምሳሌ በእኛ ሙያ አዲስ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ውድ፣ ጀሮም ብሩነርና ጌይል ሮስ በ1976 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ትልቅ ሰው ለልጅ የሚሰጠውን እየቀነሰ የሚሄድ እገዛ ግንበኞች ከሚያቆሙት መወጣጫ ጋር አመሳስለውታል። ከ3 እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ልጆች 21 የእንጨት ቁርጥራጮችን ገጣጥመው ፒራሚድ ሲሠሩ አስተማሪዋ መቼ እጇን እንደምታስገባ፣ መቼ እንደምትሰበስብ ነበር የተከታተሉት። ዕድሜው ይለያይ እንጂ ጥበቡ ያው ነው።

እጅ መሰብሰቡ ነው ከባዱ። አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ቆጥሮ እንዲመዘግብ ተሰጠው እንበል። 18 ብሎ መጻፍ ሲገባው 81 ብሎ ጻፈ። ደንበኛው በተመዘገበው መጠን አዘዘ፤ ያን ያህል ዕቃ ግን የለም። አለቃው እዚህ ላይ ሦስት ምርጫ አለው። አንደኛው ልጁን መጮኽበት ነው። ሁለተኛው "ገና ልጅ ነው" ብሎ በዝምታ ማስተካከል። ደግ የሚባለው አለቃ የሚመርጠው ይህን ነው፤ ልጁ ግን ስህተቱ ማን ላይ እንደደረሰ ሳያውቅ ይቀራል። ሦስተኛው አብሮት ቁጭ ብሎ "ደንበኛው ጋ ደውለህ አንተው አስረዳው፣ እኔ አጠገብህ ነኝ" ማለት ነው። ልጁ ስልኩን ሲያነሳ ድምፁ ይንቀጠቀጥ ይሆናል። ሲዘጋው ግን ስህተት ሠርቶ ማስተካከል የሚችል ሰው መሆኑን አውቋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. እንዳስቀመጠው፣ ሰው "እችላለሁ" ብሎ እንዲያምን ከሚያደርጉት ነገሮች ሁሉ ጠንካራው ራሱ ሠርቶ ያየው ነው። "ጎበዝ፣ ትችላለህ" የሚለው ማበረታቻ ከዚያ በጣም ዝቅ ይላል።  

"ማስረጃህስ?" ለሚል፣ እኔ የምወደው በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ የተደረገውን ጥናት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በትምህርት ቤት ዕረፍት ወራት፣ ግጭት ከበዛባቸው 13 ትምህርት ቤቶች ካመለከቱ 1,634 ወጣቶች መካከል ገሚሶቹ በዕጣ ተመርጠው መርሐ ግብሩ ውስጥ ገቡ። በሳምንት 25 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት፣ በዝቅተኛው ደመወዝ። ሕፃናትን መጠበቅ፣ ባዶ ቦታ አጽድቶ አትክልት መትከል፣ ቢሮ ውስጥ ማገዝ ነበር ሥራቸው። አጠገባቸው የሚያማክራቸው ትልቅ ሰው ተመድቧል። ተመራማሪዋ ሳራ ሄለር በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ውጤት መሠረት፣ በ16 ወር ውስጥ በኃይል ወንጀል የመታሰር ቁጥር ዕጣ ካልደረሳቸው ጋር ሲነጻጸር በ43 በመቶ ቀንሷል። የሚገርመው ልዩነቱ በዋናነት የታየው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። "ልጆቹ ጊዜ ስላጡ ነው" እንዳንል፣ ያኔ ጊዜ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ሙያዬ ዝም በል አይለኝም። የክረምት ሥራ ኋላ ላይ ጥሩ ደመወዝ ያስገኛል የሚለው ተስፋ በቺካጎም በኒውዮርክም በዕጣ በተደረጉ ጥናቶች በአማካይ አልተደገፈም። ኒውዮርክ ላይ የታየው ሌላ ጥቅም ነው። ዕጣ የደረሳቸው ወጣቶች ወደ እስር ቤት የመግባትና የመሞት ዕድላቸው ቀንሷል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። "ሥራ ካስለመድከው ሀብታም ይሆናል" ከሚለው ጋር ግን አይገናኝም።

ዕጣ ዕጣ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም። "በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች በትምህርታቸው ጎበዞች ናቸው" የሚል ነገር ስትሰሙ፣ በጎ ፈቃድ ነው ያጎበዛቸው ወይስ ጎበዞቹ ናቸው በጎ ፈቃደኛ የሚሆኑት ብላችሁ ጠይቁ። የተረጋጋ ቤት፣ የሚያመላልስ ወላጅ፣ ትርፍ ጊዜ ያለው ልጅ ቀድሞ ይመዘገባል። ዕጣ ይህን ያስተካክለዋል። ለዚህ ነው አንድ የካናዳ ጥናት የሚጥመኝ። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሲሆን 106 የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችን በዕጣ ከፍሎ ገሚሶቹን በየሳምንቱ ለሁለት ወር ያህል ትንንሽ ልጆችን እንዲያግዙ አሰማራ። የቀሩት ተራ ጠበቁ። ያገዙት ልጆች የኮሌስትሮል መጠንና በደም ውስጥ የሚለካ የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ምልክት ቀነሰ። ይበልጥ የቀነሰው ለሰው ማዘናቸውና ሰው መርዳታቸው ይበልጥ በጨመረው ላይ ነበር። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው። ሐኪም ቤት ይተካል ብላችሁ እንዳትጠቅሱኝ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ የሚለካው ሰውነት ቢሆንም ለውጡን የተከተለው ልጁ ከሌላው ሰው ጋር የነበረው ግንኙነት ነው።

መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ጸሐፊ ስለ ወጣቶች አገልግሎት "አስገዳጅ ይሁን፣ በሰዓት ይቆጠር" ይላል። የቆጠሩ አሉ እኮ። የአሜሪካዋ ሜሪላንድ ግዛት ለሁለተኛ ደረጃ ምረቃ 75 ሰዓት አገልግሎት ትጠይቃለች፤ የካናዳዋ ኦንታሪዮ ደግሞ 40። ማስገደድ አንድ ደግ ነገር አለው። ማንም ያልጋበዘው ልጅም የመግባት ዕድል ያገኛል። ችግሩ ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ስቱካስ፣ ስናይደርና ክላሪ በ1999 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ መጀመሪያውኑ ፍላጎቱ ያልነበራቸው ተማሪዎች ሲገደዱ ወደፊት በራሳቸው የማገልገል ሐሳባቸው ይቀንሳል። የት፣ ምን እንደሚሠሩ የመምረጥ ዕድል ሲሰጣቸው ጉዳቱ ይለዝባል። ስለዚህ ማስገደድ ካልቀረ ምርጫውን አስፉት። "የት ማገልገል ትፈልጋለህ?" የምትል ጥያቄ ገንዘብ አታስወጣም።

ስለ መጠንም እንነጋገር። ብዙ ሥራ ብዙ ኃላፊነት አይደለም። በአሜሪካ ተማሪዎች ላይ በተደረጉ ጥናቶች፣ በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ዝቅ ካለ ውጤትና ከሌሎች ችግሮች ጋር አብሮ ይታያል። (እንደገና፣ ትምህርት የሰለቸው ልጅ ብዙ ሰዓት ሊመርጥ ይችላል። ምክንያቱ የቱ እንደሆነ መለየት ቀላል አይደለም።) በአሜሪካዋ ሴንት ፖል ከተማ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ሺህ ያህል ተማሪዎችን ለዓመታት የተከታተለው የጄይላን ሞርቲመር ጥናት ደግሞ በመጠኑና ያለማቋረጥ የሠሩት በኋላ በትምህርት ጥሩ እንደሄዱ አሳይቷል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የማይታለፍ ወሰን አለ። "እኔ በስምንት ዓመቴ ድንጋይ ተሸክሜ ነው ያደግሁት፣ ምን ሆንኩ?" የሚል ሰው ሁሌም አይጠፋም። የተሰበሩት ስብሰባ ላይ ተነስተው አይናገሩም፤ እሱ ግን ይናገራል። የዓለም ሥራ ድርጅት የ1973ቱ ስምምነት ቁጥር 138 ቀላል ሥራን ከ13 ዓመት ጀምሮ፣ ኢኮኖሚያቸው ባልዳበረ አገሮች ደግሞ ከ12 ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ጤናቸውንና ትምህርታቸውን እስካልጎዳ ድረስ። አደገኛ ሥራ ግን በመሠረቱ እስከ 18 ዓመት ክልክል ነው። የ1999ኙ ስምምነት ቁጥር 182 ይህን አጥብቆታል። ልጅ ላይ ከአቅሙ በላይ መጫንን ኃላፊነት ብለው የሚጠሩት ሰዎች ብዙ ጊዜ ጭነቱ የሚቀልላቸው ራሳቸው ናቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ገንዘብ። "ከተከፈለው አገልግሎት አይደለም፣ ካልተከፈለው ሥራ አይደለም" እየተባለ ሁለቱ እንደ ጠላት ይቀርባሉ። ለልጁ እድገት ሲታይ ልዩነቱ የሚወራውን ያህል አይደለም። የቺካጎዎቹ ተከፍሏቸዋል፤ የካናዳዎቹ አልተከፈላቸውም። ሁለቱም ጋ የሚጠብቃቸው ሰው ነበር። ክፍያ የሚለውጠው ሌላ ነገር ነው፦ ማን መምጣት ይችላል የሚለውን። ቤተሰቡ የዕለት ገቢ የሚፈልግ ልጅ በነፃ ማገልገል አይችልም። አገልግሎታችሁ በነፃ ብቻ ከሆነ የትራንስፖርቱን እንኳ ሸፍኑለት። ከዚያ በኋላ ነው ማን ሰነፍ፣ ማን ትጉህ እንደሆነ የምናወራው።