የጽናት መጠይቅ ነጥብ ምን ማለት ነው?

ጽናት ሲባል ችግርን ተቋቁሞ የማገገም አቅም ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የተመራማሪዎቹ ኮነርና ዴቪድሰን የጽናት መለኪያ 25 ዓረፍተ ነገሮች አሉት። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ እስከ 100 ይደርሳል። ብዙዎች ታዲያ እንደ ትምህርት ቤት ፈተና ያዩታል። 70 ያመጣ አለፈ፣ 45 ያመጣ ወደቀ ይላሉ። ማለፊያ ነጥብ ግን የለውም። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ከሌሎች መላሾች ወይም ከራስ የቀድሞ ውጤት ጋር ሲነጻጸር ነው።

ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 5 ነጥብ የሚሰጥበት ሌላ ባለ 6 ጥያቄ አጭር የጽናት መለኪያም አለ። ሦስቱ ጥያቄዎች በአሉታ ስለተጻፉ ነጥባቸው ይገለበጣል፤ 5 የነበረው 1 ይሆናል።

መላሹ ራሱን ነው የሚገመግመው። መጠይቁ የሚመዘግበው ያ ሰው ዛሬ ስለ ራሱ የሚያስበውን ነው። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ራሱን ዝቅ አድርጎ ሊያይ ይችላል፤ ሥራ የሚፈልግ ደግሞ ከፍ ያደርጋል። በዚህ ነጥብ ብቻ ማንንም «ደካማ» ማለት በደል ነው።