ዘለፋ ምንድን ነው? ዕጩዎች በቴሌቪዥን ሲከራከሩ ክብር የሚነካው ቃል

በአንድ የምርጫ ሰሞን፣ ጎንደር አራዳ አካባቢ ባለች አነስተኛ ቡና ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ወደ ቴሌቪዥኑ አቅንቶ የዕጩዎችን ክርክር ሲከታተል እኔም አብሬ ተቀምጬ ነበር። ስለ ወጣቶች ሥራ ማጣት ሲናገር የቆየው ተከራካሪ ድንገት ወደ ባላንጣው ዞረና «አንተ ደግሞ ምን ታውቃለህ?» አለው። ከጎኔ የነበሩት አዛውንት ስኒውን ከአፋቸው ሳያደርሱ ረከቦቱ ላይ መልሰው «አንተ አለው እኮ!» አሉ። ከዚያ በኋላ በዚያች ቤት ውስጥ ስለ ሥራ ማጣት ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ቡናው እስኪያበቃ ድረስ የተወራው ስለዚያች አንዲት ቃል ነው።

አዛውንቱን ያስደነገጠው ነገር ዘለፋ ይባላል። ቃሉ ከግእዝ የመጣ ሲሆን፣ በግእዝ «ዘለፈ» ማለት ገሠጸ፣ ወቀሰ ማለት ነው፤ ጥፋትን በፊት ለፊት መናገር እንጂ ሰውን ማዋረድ አልነበረም። በዛሬው አማርኛ ግን ተግሣጹ ቀርቶ ማዋረዱ ጎልቷል። ስለዚህ በክርክር ውስጥ ዘለፋ የምንለው፣ ተናጋሪው የቀረበለትን ጉዳይ ትቶ የተከራካሪውን ማንነት፣ ዕውቀት፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ትውልድ ወይም ሰብእና ዝቅ ለማድረግ የሚጠቀምበትን ቃል ነው። ትችት ዘለፋ አይደለም። «ባለፈው ጊዜ ይህን ቃል ገብተው አልፈጸሙም» ማለት ቢመርም ጉዳዩን ይዞ የቆመ ነው፤ ተከራካሪው መልስ ሊሰጥበት ይችላል። «ድሮስ እንደ እርስዎ ካለ ሰው ምን ይጠበቃል» ማለት ግን መልስ የለውም፤ መልስ ሊሆነው የሚችለው ሌላ ዘለፋ ብቻ ነው። እኔ ሁለቱን የምለይበት መለኪያ ይኸው ነው።

በአማርኛ ዘለፋ ከስድብ ቃል በፊት በግሱ ውስጥ እንደሚገባ ብዙ ጊዜ አይስተዋልም። ቋንቋችን ሰውን በስም ሳይጠራ እንኳ ያከብረዋል ወይም ያቃልለዋል፤ «ተናግረዋል» እና «ተናግሯል» በሚሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ትርጉሙ ላይ ሳይሆን ክብሩ ላይ ነው። ይህ አነጋገር አንቱታ ይባላል። በጎንደርና በዙሪያው ያለ ሰው ታላቁን «አንቱ» ሲል አዲስ አበቤው «እርስዎ» ይላል፤ ፍሬው ግን አንድ ነው። በሙያው የተመሰገነን ሐኪም ወይም መምህር «አንቱ የተባለ» ስንል፣ ቃሉ ራሱ የሰው ማዕረግ መስፈሪያ ሆኗል ማለት ነው። «አንተ» በራሱ ነውር የለበትም፤ ባልንጀሮች የሚጠራሩበት የፍቅር ቃል ነው። ነውሩ ያለው በሽግግሩ ላይ ነው። ክርክሩን «እርስዎ» ብሎ የጀመረ ሰው መሀል ላይ «አንተ» ሲል፣ ወይም አጠገቡ የተቀመጠን ሰው እንደሌለ ቆጥሮ «እሱ እኮ» እያለ ለተመልካች ሲያወራ፣ አንድም የስድብ ቃል ሳይጠቀም ሰውየውን ከወንበሩ አውርዶታል።

የዝምድና መጠሪያም እንዲሁ ነው። «ልጄ»፣ «እኅቴ»፣ «ወንድሜ» በሰፈር ውስጥ የሚያቀራርቡ ቃላት ናቸው። አንድ ጎልማሳ ፖለቲከኛ ግን በክርክር መድረክ ላይ ወጣቱን ዕጩ «ልጄ፣ ይህ ነገር ገና አልገባህም» ሲለው፣ ዕድሜን መከራከሪያ አድርጎታል። በሴት ዕጩዎች ላይ ደግሞ ጎልቶ ይታየኛል፤ ወንዱ ተከራካሪ «አቶ» ተብሎ በሙሉ ማዕረጉ ሲጠራ፣ እርሷ «እኅታችን እንዳለችው» ትባላለች። የተናገረው ሰው አክብሮት ያሳየ ሊመስለው ይችላል። «እርሳቸው እንዳሉት» ለማለት ያልቻለበትን ምክንያት ግን ራሱን ቢጠይቅ መልካም ነው።

ከሁሉ ይልቅ ለመያዝ የሚያስቸግረው አሽሙር ነው። በሰምና ወርቅ ባደገ ሕዝብ፣ ይልቁንም ቅኔ ሲዘረፍባት በኖረች ከተማ፣ ሰው ሳይሳደብ መሳደብን ያውቅበታል። ሰሙ ምስጋና፣ ወርቁ ንቀት የሆነ ዓረፍተ ነገር ሲነገር አወያዩ በምን ያስቆመዋል? የተነገረው ቃል በጽሑፍ ቢወጣ ንጹሕ ነው፤ በስቱዲዮ ውስጥ ያሉት ሁሉ ግን ሰምተውታል፣ ቤቱ የተቀመጠው ተመልካችም ሰምቶታል። የተሰደበው ሰው ቅር ቢለው «ምን አልኩት?» ይባላል፤ ዝም ቢል ደግሞ እንደተሸነፈ ይቆጠራል። በግልጽ ከተነገረ ስድብ ይልቅ አሽሙር የሚያቆስለው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

የዘለፋ ጉዳት በተሰደበው ሰው ላይ ብቻ የሚቆም ቢሆን ይህን ያህል ባላሳሰበ ነበር። በቴሌቪዥን ክርክር ግን ለእያንዳንዱ መልስ የተመደበው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ለአብነት ያህል የጎንደርን ሰው ስለሚያንገበግበው የውሃ ጉዳይ ክርክር ተዘጋጀ እንበል። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ለከተማዋ የሚያቀርበው ውሃ ከፍላጎቷ ጋር አልመጣጠን ብሏል፤ ተስፋ የተጣለበት የመገጭ ግድብ ደግሞ ግንባታው ለዓመታት ተጓትቷል። አንዱ ዕጩ «መገጭ የተጓተተው በምን ምክንያት ነው? እርስዎ ቢመረጡ ምን ያደርጋሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ሌላው «ግድብ በሥዕል እንጂ በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው ስለ ግድብ ሲጠይቅ ይገርማል» ብሎ ይመልሳል። ስቱዲዮው ይስቃል፤ የተሰደበው ሰው ቀጣዩን ደቂቃ ራሱን በመከላከል ይጨርሳል፤ ሰዓቱ ያልቃል። በማግስቱ ጀሪካን ይዛ ቦኖ ላይ የተሰለፈች እናት ስለ ውሃዋ የሰማችው አንድም ነገር የለም። ብልህ ተሳዳቢ ይህን ያውቃል፤ መልስ የሌለው ዕጩ ጊዜውን የሚያሳልፍበት ቀላሉ መንገድ ዘለፋ ነው።

አገራችን ይህን በትልቁ ያየችው በ1997 ዓ.ም. ነው። የዚያ ዓመት ምርጫ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ በተላለፉት ክርክሮቹ ይታወሳል፤ ብዙ ሰው ባለሥልጣንና ተቃዋሚ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ በፖሊሲ ሲፋለሙ ያየው ያኔ ነበር። የእርሻ መሬት ባለቤትነትን በመሰሉ ጉዳዮች ላይ የተደረገው ክርክር ዛሬም የሚያስቀና ነው። በዚያው ዘመቻ ግን ገዢው ፓርቲ ተቃዋሚዎቹን ከሩዋንዳው ኢንተርሃምዌ ጋር እስከማመሳሰል ደርሶ ነበር፤ ከተቃዋሚዎችም ወገን የሻከረ መልስ አልጠፋም። ባላንጣን በዘር ማጥፋት ከሚታወቅ ቡድን ጋር ማመሳሰል ደግሞ ግለሰብን ከማዋረድ አልፎ፣ ደጋፊውን ሕዝብ ሁሉ ጠላት አድርጎ መሳል ነው። ከአፍ የወጣ አፋፍ እንደሚባለው፣ ያ ቃል ከተከራካሪዎቹ አልፎ በየሰፈሩ ሄዷል።

ሕጉ በዚህ ላይ ዝም አላለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 24 የሰውን ክብርና መልካም ስም ይጠብቃል፤ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን በሚደነግገው አንቀጽ 29 ውስጥም ሰብአዊ ክብርን የሚነኩ የአደባባይ መግለጫዎች በሕግ እንደሚከለከሉ ተጽፏል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ደግሞ በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ወንጀል ያደርጋል፤ ቅጣቱም እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር መቀጮ ሊደርስ ይችላል። አብዛኛው የክርክር ዘለፋ ግን እዚህ ደረጃ አይደርስም፤ መድረስም አያስፈልገውም። «አንተ» ያለን ሰው ፍርድ ቤት ማቆም አይቻልም፤ የሚዳኘው የመድረኩ ሥርዓትና የተመልካቹ ሕሊና ነው።

የቴሌቪዥን ክርክር ከተጀመረ ብዙ በቆየባት አሜሪካም ችግሩ አልተፈታም። የፕሬዚዳንት ዕጩዎቹ ኬኔዲና ኒክሰን መስከረም 16 ቀን 1953 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ሲከራከሩ በሰከነ ንግግር ነበር። ስድሳ ዓመት ቆይቶ፣ መስከረም 19 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ትራምፕና ባይደን ክሊቭላንድ ከተማ ላይ በተገናኙበት ክርክር ንግግር ማቋረጡ ከመብዛቱ የተነሳ ባይደን ባላንጣቸውን ዝም እንዲሉ በሸካራ ቃል እስከመናገር ደረሱ። አዘጋጁ ኮሚሽንም ለጥቅምት 12ቱ ክርክር አዲስ ደንብ አወጣ፦ በእያንዳንዱ ርዕስ መክፈቻ አንዱ ዕጩ የተሰጠውን 2 ደቂቃ ሲናገር የሌላው ማይክሮፎን ተዘግቶ ይቆያል። ደንቡ መቋረጡን ቀነሰ። ይሁንና ማይክሮፎን መዝጋት ንግግር ማቋረጥን እንጂ፣ ሰው በራሱ ተራ የሚናገረውን ዘለፋ አያስቀርም።

በትችትና በዘለፋ ድንበር ላይ የቆመ አንድ ምሳሌም ከዚያው አገር አለ። በ1981 ዓ.ም. መስከረም ወር በተደረገው የምክትል ፕሬዚዳንት ዕጩዎች ክርክር ላይ፣ ዳን ኩዌል የምክር ቤት ልምዳቸው ከቀድሞው ፕሬዚዳንት ከጆን (በቁልምጫ ጃክ) ኬኔዲ እንደማያንስ ሲናገሩ፣ ሎይድ ቤንትሰን ኬኔዲን በቅርብ የሚያውቁ ወዳጃቸው እንደነበሩ ገልጸው «ሴናተር፣ እርስዎ ጃክ ኬኔዲ አይደሉም» አሏቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ ኩዌልም ንግግሩ ያልተገባ እንደነበር በቅሬታ ገለጹ። ይህ ዘለፋ ነውን? እኔ ወደ «አይደለም» አደላለሁ። ንጽጽሩን ያነሱት ኩዌል ራሳቸው ናቸው፤ ቤንትሰን የመለሱት የቀረበላቸውን ነገር ነው፤ ማዕረጋቸውንም አልነጠቋቸውም። ቃሉ ያማል፣ ግን ከጉዳዩ አልወጣም። በምርጫው ያሸነፈው ደግሞ የኩዌል ወገን ነበር።

እኛ ዘንድ ለዚህ የሚሆን ሥርዓት ከውጭ መዋስ አያስፈልግም። ጎንደር በነገሥታቷ ፊት ሊቃውንት ስለ ሃይማኖት የተከራከሩባት ከተማ ናት። «በላ ልበልሃ» በሚባለው የቀድሞ ሙግትም ተሟጋቾች በዳኛ ፊት ቆመው በምሳሌና በግጥም ይፋጠጡ ነበር፤ ቃላቸው ስለታም ነበር፣ ዳኛው ግን ከመካከላቸው አይጠፋም። አንዱ ከሥርዓት ሲወጣ ደግሞ «በሕግ አምላክ!» መባሉ ሰውን በቆመበት ያስቆም ነበር።

የዛሬው አወያይ የሚጎድለው ይህ ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ «እባካችሁ ተከባበሩ» ብሎ ወደ ቀጣዩ ርዕስ ያልፋል፤ በዚህም ዘላፊው የፈለገውን አግኝቷል፣ ጥያቄው ተረስቶለታል። መደረግ ያለበት ከዚህ የቀለለ ነው። ክርክሩ ሲጀመር ሁሉም ዕጩዎች፣ ወጣቱም ሽማግሌውም፣ ሴቷም ወንዱም፣ በአንድ ዓይነት አጠራር እንደሚጠሩ ይነገራቸው። ዘለፋ ሲነገር በተሰደበው ሰው ጊዜ ላይ አይቆጠር፤ ከሰዳቢው ይቀነስ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አወያዩ ዓይኑን ከዘላፊው ላይ ሳያነሳ እንዲህ ይበለው፦ «የተጠየቁት ስለ መገጭ ግድብ ነበር። አሁንም እየጠበቅንዎ ነው።»