የቆየ የዒላማ ጠመንጃ መደላድል፦ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4

የጠመንጃ መደላድል የሚባለው የመቀርቀሪያው ቤትና ከፊቱ የተጠመዘዘው ቱቦ በእንጨቱ አካል ላይ የሚያርፉበት አኳኋን ነው። ምላጩ በተሳበ ቁጥር ብረቱ ይርገበገባል፣ ወደ ኋላ ይራገጣል፣ ከዚያም ወደ ማረፊያው ይመለሳል። የተመለሰበት ቦታ ከቀድሞው በጥቂቱ እንኳ ቢለይ ልዩነቱ በርቀት ተባዝቶ ዒላማው ላይ ይወጣል። ስለዚህ የመደላድል ሥራ ዓላማ ብረቱን አጥብቆ መያዝ ብቻ አይደለም። ብረቱ ሳይጣመም እንዲያርፍና ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ እዚያው ቦታ እንዲመለስ ማድረግ ነው። በብሎን ተጨንቆ የተያዘ ብረት የጠበቀ ቢመስልም እንደ ተወጠረ ሞላ ስለሚሆን ሙቀትና እርጥበት በተለዋወጡ ቁጥር ጥይቱን የሚያሳርፍበት ቦታ ይለዋወጣል።

በዚህ ሙያ ብዙ ልምድ ከተከማቸባቸው የቆዩ ጠመንጃዎች አንዱ የብሪታንያው ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በእንግሊዝ፣ በካናዳው ሎንግ ብራንችና በአሜሪካው ሳቬጅ ፋብሪካዎች በብዛት የተመረተ የጦር መሣሪያ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ በርካታ ተኳሾች ለውድድር ተጠቅመውበታል። የብሪታንያ ብሔራዊ የጠመንጃ ማኅበር ከእ.ኤ.አ. 1890 ጀምሮ ዓመታዊ ውድድሩን በሚያካሂድበት በቢዝሊ ተኩስ ሜዳ የመጨረሻው ዙር በ900 እና በ1000 ያርድ ርቀት ይተኮሳል፤ 1000 ያርድ 914 ሜትር ያህል ነው። ለጦር ሜዳ የተሠራ ጠመንጃ በዚህ ርቀት ነጥብ እንዲያስቆጥር የሚያደርገው በአመዛኙ የእንጨቱ አያያዝ ስለነበረ፣ ጠመንጃ አስተካካዮች በዚሁ ሥራ ብቻ ስም ያተረፉበት ዘመን ነበር።

የሊ ኤንፊልድ አሠራር ከብዙዎቹ ጠመንጃዎች ይለያል። በአገራችን በልጅግ በሚል ስም የሚታወቀው የቤልጂየም ማውዘር እንጨቱ ከሰደፍ እስከ ፊት አንድ ወጥ ነው፤ ርግጫውን የሚቀበለውም ከጥይት ጎሬው ሥር ያለው የብረት ጉብታ ነው። ሊ ኤንፊልድ ግን ሰደፉና የፊት እንጨቱ ተለያይተው በየራሳቸው ከብረቱ ጋር ይታሰራሉ። የፊት እንጨቱ የብረቱን ርግጫ የሚቀበለው ከካዝናው ኋላ፣ በመቀርቀሪያው ቤት ሥር ግራና ቀኝ በሚገኙ ሁለት ትናንሽ ገጾች ነው። የጠመንጃው መደላድል ጤንነት በቅድሚያ የሚፈተሸው በእነዚህ ገጾች ላይ ነው።

ሁለቱ ገጾች እኩል መንካት አለባቸው። አንደኛው ብቻ የሚነካ ከሆነ ብረቱ በተኩስ ጊዜ ወደ ጎን ይዞራል፣ የጥይት ምቶቹም አንዳንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ይሰበሰባሉ። ንክኪውን ለማወቅ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ የፊት እንጨቱ ይወልቃል፤ የብረቱ ገጾች ጥቀርሻ ወይም ሰማያዊ የመሞከሪያ ቀለም በስሱ ይቀባሉ፤ እንጨቱ ተመልሶ ይገጠማል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ እንደገና ይፈታል። ቀለም ያረፈበት ቦታ ከፍ ያለው ነው፤ እሱ በስል መሮ በትንሹ ይፋቃል፣ ሙከራውም ሁለቱም ገጾች ሙሉ በሙሉ ቀለም እስኪይዙ ድረስ ይደጋገማል። ትዕግሥት የሚጠይቀው ይህ ነው፤ ከሚገባው በላይ የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይበቅልምና። ገጾቹ በዘይት ርሰው ከተቀጠቀጡ ግን መፋቅ አያዋጣም፤ የተበላሸው ተቆርጦ ጠንካራ እንጨት በማጣበቂያ ይተከልበታል። የአዲሱ እንጨት ቃጫ በጫፉ በኩል ከብረቱ ጋር እንዲገጥም ማድረግ ይበጃል፤ ቃጫው ጎኑን ከሰጠ ቶሎ ይጨፈለቃል። የፊት እንጨቱ ኋለኛ ጫፍ የሰደፉን መያዣ መንካት የለበትም፤ ከነካ ርግጫው ወደዚያ ይዞርና እንጨቱ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው ጉዳይ ቱቦው በአፈሙዙ አካባቢ የሚያርፍበት ነው። ብዙ ሰው ዛሬ የሚያውቀው ቱቦው እንጨቱን ፈጽሞ ሳይነካ አየር ላይ የሚቆይበትን አሠራር ስለሆነ፣ በቆየ ጠመንጃ ላይ ንክኪ ሲያይ ወዲያው እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል። በቁጥር 4 ላይ ግን የፊት እንጨቱ ጫፍ ቀጭኑን ቱቦ ወደ ላይ እንዲገፋ ታስቦ የተሠራ ነው። የጦር ሠራዊቱ መለኪያ ከ2 እስከ 7 ፓውንድ፣ በኪሎ ከ0.9 እስከ 3.2 የሚደርስ ግፊት ነበር። የሚለካውም በቀላል መንገድ ነው፤ ጠመንጃው በሞርሳ ተይዞ የሞላ ሚዛን ከቱቦው ጫፍ ይታሰርና ቱቦው ከእንጨቱ እስኪላቀቅ ወደ ላይ ይሳባል፤ ስስ ወረቀት በመካከላቸው ሲያልፍ ሚዛኑ ላይ የሚነበበው ቁጥር ግፊቱ ነው። የዒላማ ተኳሾች ከዚህ በተጨማሪ ማዕከላዊ መደላድል የሚባለውን አዳበሩ፤ ቱቦው በመካከሉ ላይ ይደገፍና ከዚያ ወዲያ ያለው ነፃ ይተዋል።

ይህ ግፊት ዝም ብሎ የተፈለሰፈ አይደለም። የሊ ኤንፊልድ መቀርቀሪያ የሚቆለፈው ከኋላ በመሆኑ የቤቱ ግድግዳዎች በተኩስ ጊዜ ይሳሳባሉ፣ አፈሙዙም ጥይቱ ከመውጣቱ በፊት ወደ ላይ ይወዛወዛል። በመጠኑ ዘገም ያለው ጥይት አፈሙዙ ከፍ ባለበት ቅጽበት ሲወጣ የፍጥነቱን ጉድለት በከፍታ ያካክሳል። በረጅም ርቀት ጥይቶቹ ከላይ ወደ ታች እንዳይበተኑ የሚያግዘው ይህ ነው። የእንጨቱን ድጋፍ ያለ ጥናት የሚያነሣ ሰው ይህን ሚዛን ያፈርሳል።

በእ.ኤ.አ. 1960ዎቹ መጨረሻ ውድድሩ ወደ 7.62 ሚሊሜትር ጥይት ሲዛወር የቀድሞው የመቀርቀሪያ ቤት ወፍራም ቱቦ ተገጠመለት፣ የፊት እንጨቱም አጠረ። ኤል39ኤ1 በሚል ስያሜ በወጣው በዚህ ዓይነት ቱቦው ነፃ ነው። እንግዲህ ከአንድ ቤት ሁለት ተቃራኒ መደላድል ወጥቷል፤ ልዩነቱን የፈጠረው የቱቦው ውፍረት ነው። በእኔ እምነት ማንም አስተካካይ መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት የያዘው ጠመንጃ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

አንድ ወጥ እንጨት ባላቸው ጠመንጃዎች፣ ለምሳሌ እንደ ዊንቸስተር 52 ባሉ ባለ .22 ኢንች ጥይት የዒላማ ጠመንጃዎች፣ ፍተሻው ሌላ መልክ ይይዛል። አንዱ ብሎን በዝግታ ሲላላ የእጅ ጣት በእንጨቱ ጫፍና በቱቦው መካከል ይደረጋል፤ ጣቱ እንቅስቃሴ ከተሰማው ብረቱ ተጨንቆ ነበር ማለት ነው። ሰዓት መሰል መለኪያ ላላቸው አስተካካዮች ከ0.05 ሚሊሜትር በላይ የሆነ እንቅስቃሴ ማረም የሚገባው ነው። በ50 ሜትር ዓለም አቀፍ ዒላማ አሥር ነጥብ የሚሰጠው ክብ ስፋቱ 10.4 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑ ሲታሰብ መለኪያው የተጋነነ አይደለም።

ለእነዚህ የተለመደው መፍትሔ ኢፖክሲ፣ ማለትም ሁለት ፈሳሾች ሲደባለቁ የሚጠነክር ማጣበቂያ ነው። የእንጨቱ ማረፊያ በጥቂቱ ይቦረቦራል፣ የጠጣው ዘይት በአሴቶን ይጸዳል፣ ሁለቱ ፈሳሾች ተደባልቀው ይቀቡበታል፣ ብረቱም በላዩ እንዲያርፍ ይደረጋል። ብረቱ አስቀድሞ በሰም ወይም በጫማ ቀለም በደንብ መቀባት፣ ቀዳዳዎቹም በፕላስቲሲን መደፈን አለባቸው፤ አንድ ቦታ ከተዘለለ ብረቱና እንጨቱ ላይለያዩ ይጣበቃሉ። ኢፖክሲው ሲደርቅ ብሎኖቹ ጠብቀው መያዝ የለባቸውም፤ ያኔ ከጠበቁ የተጣመመው ቅርጽ ራሱ ይቀረጽና ሥራው ከንቱ ይሆናል። ኢፖክሲ ከገባ ወዲያ እንጨቱን ወደ ቀድሞ መልኩ መመለስ አስቸጋሪ ስለሆነ፣ የፋብሪካ ቁጥሩ ከብረቱ ጋር በሚመሳሰል የሊ ኤንፊልድ እንጨት ላይ ግን በእንጨት መጠገን ይመረጣል።

ሥራው ሲያበቃ ባዶ የሆነው የእንጨቱ ውስጠኛ ገጽ ጥሬ የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል፤ ዘይቱ እርጥበት በፍጥነት እንዳይገባ ያግዛል። አዲስ የተተከለ እንጨት በመጀመሪያዎቹ ተኩሶች ስለሚጨመቅ ብሎኖቹ ይላላሉ፤ ከጥቂት ደርዘን ተኩስ በኋላ ብሎኖቹን እንደገና ማጥበቅ፣ የአፈሙዙንም ግፊት በሞላ ሚዛን ዳግም መለካት ያስፈልጋል።