«ፎቶው ተበላሸብህ እንዴ?» ለምትሉኝ

ያለ ካሜራ፣ ቅጠል ወረቀት ላይ አስቀምጬ በፀሐይ ፎቶ አትማለሁ። ደሴ ውስጥ ይህን ሥራዬን ለሰው ባሳየሁ ቁጥር የምሰማው ያው ነው። ሰልችቶኛልና አንድ በአንድ ልመልስ።

«ያለ ካሜራ ፎቶ የለም።» አለ እንጂ። እንግሊዛዊቷ አና አትኪንስ በ1843 እ.ኤ.አ. የባሕር አልጌዎችን ወረቀት ላይ አስቀምጣ በፀሐይ እያተመች መጽሐፍ ማውጣት ጀምራለች። ሳያኖታይፕ የሚባለውን ይህን ሰማያዊ የኅትመት ዘዴ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ኸርሼል ያገኘው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው።

«ኮምፒውተር ነው የሠራው።» አይደለም። ወረቀቱ የሚቀባው ሁለት የብረት ውህዶችን ነው፤ ከዚያ በውሃ ሲታጠብ ፀሐይ የመታችው ሰማያዊ ይሆናል፣ ቅጠል ያረፈበት ነጭ ይቀራል።

«ኬሚካሉ ለልጆች አይሆንም።» ጓንት አድርጉላቸው፣ የምግብ ዕቃ አትጠቀሙ፣ ከአሲድ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉት፣ እሳት ላይም አትጣዱት። አሁንም የሚፈራ ወላጅ በኬሚካሉ ፋንታ በቆስጣ ወይም በቀይ ሥር ጭማቂ ያስጀምራቸው። እሱ ግን ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ፀሐይ ይፈልጋል፤ በክረምት አትልፉ፣ የደሴ ጉም አያስጨርሳችሁም።

«ተፈጥሮን የሚወድ የሚያምረውን ያነሳል።» የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ጦሳ ተራራ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል ማንሳት፣ ሐይቅ ወርዶ ፀሐይ ስትጠልቅ ማንሳት ደግ ነው፣ እኔም አደርገዋለሁ። ግን የታመመ ዘመድ ቤት ሄዳችሁ ጤነኛ ሳለ የተነሳውን ፎቶ ብቻ አይታችሁ ብትመለሱ፣ ጠየቃችሁት ይባላል?

ከአንድ የክትክታ ቁጥቋጦ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ በአንድ ቀን፣ በአንድ ዓይነት ወረቀት አተምኋቸው። አንዱን ከጦሳ ግርጌ በቀዳሁት የምንጭ ውሃ አጠብሁት። ሌላውን ቦርከና ወንዝ ላይ ልብስ ከሚታጠብበት ድንጋይ ሥር በቀዳሁት ውሃ አጥቤ እዚያው ባልዲ ውስጥ አሳደርሁት። ጠዋት የመጀመሪያው ጥርት ያለ ሰማያዊ ነው፤ የቅጠሉ ጠርዝ ሳይቀር ይቆጠራል። ሁለተኛው ገርጥቷል፣ መሐሉ ቢጫ ሆኗል፣ አረፋው የቆመበት ደግሞ ቀጭን መስመር ሠርቷል። ሳሙና ሰማያዊውን ስለሚበላው ነው። «ተበላሸ» የምትሉኝ ይህን ነው። እኔ ግን አልነካሁትም፤ ወንዙ ያለበትን ሁኔታ በራሱ እጅ ጻፈበት። ይህ ውሃ ደግሞ ከእኛ ወርዶ ኮምቦልቻ ይገባል።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ነው የምሰቅላቸው። አንዲት እናት ገርጣው ፊት ረጅም ጊዜ ቆመው «ልጄ፣ እኛ የምናጥብበት ነው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ስለ ካሜራ አልጠየቁኝም።

የምትሞክሩ ካላችሁ፣ ውሃው የተቀዳበትን ቦታና ቀኑን ሳታጥቡት በፊት ከወረቀቱ ጀርባ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ ብዕር ይለቃል።