ጤነኛውን ጡት አስቀድሞ ማስወገድ ምንድን ነው?

በአንደኛው ጡቷ ላይ ካንሰር የተገኘባት ሴት ያልታመመውንም ሌላኛውን ጡት በቀዶ ሕክምና ስታስወግድ፣ ይህ የመከላከያ ቀዶ ሕክምና ይባላል። ካንሰር ሳይዛቸው በዘር በወረሱት አደጋ ምክንያት ሁለቱንም የሚያስወግዱ ሴቶችም አሉ።

ከአጋሮ ወይም ከቦንጋ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የመጣች ታካሚ «ዶክተር፣ ሁለቱንም አንሡልኝና ልገላገል» ብትል አይፈረድባትም። ሆኖም በዚህ ልመና ውስጥ ሁለት የተለያዩ ፍርሃቶች ተደባልቀዋል። አንደኛው የታከመው ካንሰር በጉበት፣ በሳንባ ወይም በአጥንት ተመልሶ ይመጣ ይሆን የሚለው ሲሆን፣ ሌላኛው በጤነኛው ጡት ላይ አዲስ ካንሰር ይነሣ ይሆን የሚለው ነው። ጤነኛውን ጡት ማስወገድ የሚከላከለው ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ የመጀመሪያውን የሚዋጉት ኬሞቴራፒ፣ ጨረርና እንደ ታሞክሲፈን ያሉ የሆርሞን መድኃኒቶች ናቸው። በዘር የተወረሰ ለውጥ በሌለባት ሴት በሌላኛው ጡት ላይ አዲስ ካንሰር የመነሣቱ ዕድል በዓመት 0.5 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች በመሆኑ፣ ቀዶ ሕክምናው ዕድሜዋን እንደሚያራዝም አልታየም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) በተለዩት ቢአርሲኤ 1 እና ቢአርሲኤ 2 በተባሉ ጂኖች ላይ ጎጂ ለውጥ ያለባቸው ሴቶች ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እስከ 80 ዓመታቸው ድረስ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ወደ 70 በመቶ ይጠጋል፤ ቀዶ ሕክምናው ይህን አደጋ 90 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ይቀንሰዋል። ስለዚህ በቤተሰብ ውስጥ በወጣትነቷ በጡት ወይም በእንቁልጢ (እንቁላል በሚያመነጨው የሴት አካል) ካንሰር የታመመች ሴት መኖሯ መጠየቅ አለበት፤ ብዙዎች የሚዘነጉት የአባት ወገንም ከእናት ወገን እኩል ይቆጠራል።

ጡትን መልሶ መሥራት ራሱን የቻለ ውሳኔ ነው። ሲሊኮን ማስገባት ወይም ከሆድ አለዚያም ከጀርባ ሥጋ ወስዶ መሥራት ይቻላል። ጨረር የሚወስድ ደረት ላይ የገባ ሲሊኮን ዙሪያው ጠጥሮ ሊያምና ሊጣመም ስለሚችል፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ማዘግየትን ይመርጣሉ። የጀርባ ጡንቻ የሚወሰድባት ሴት ደግሞ የትከሻዋ ጉልበት ሊቀንስ ስለሚችል፣ ጀሪካን የምትሸከም፣ ልጅ የምታዝል ወይም ቡና የምትለቅም መሆኗን ሐኪሟ አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል። የተሠራው ጡት የቀድሞውን ስሜት ሙሉ በሙሉ አይመልስም፤ አለመሠራትም ቢሆን የተሟላ ምርጫ ነው፣ በጡት መያዣ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ሠራሽ ጡት የሚበቃቸው ብዙዎች ናቸውና።

በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ውሳኔ አጣዳፊ አለመሆኑ ነው። በጤነኛው ወገን የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ቁስል ቢያመረቅዝ ሊዘገይ የሚችለው ዋናው ሕክምና፣ ማለትም ኬሞቴራፒው ነው፤ በአንጻሩ ጤነኛውን ጡት በየዓመቱ በማሞግራፊ (በጡት ራጅ) እያስመረመሩ፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላ ተረጋግቶ መወሰን ይቻላል።